ሁለት እጅ በአንድ መዝገብ ላይ፦ የፕሮፌሰር ኤድስገር ዳይክስትራ የሕይወት ታሪክ

በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ታዋቂ ሰው ሆላንዳዊ ናቸው። ካረፉ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። የሒሳብና የኮምፒውተር ሰው ስለ ነበሩ ስማቸው በገበያ አይጠራም። ታዲያ ስለ እሳቸው በማኅበራችን መጽሔት ላይ መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ቢኖር፣ መልሱ ከቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ወዲያ አይርቅም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማችን በ1950ዎቹ አጋማሽ ስትቆረቆር የታሰበችው በላኪሽ አካባቢ ላሉት የእርሻ መንደሮች ማእከል እንድትሆን ነበር። ቀጥሎ ስኳርና ጨርቅ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች መጡ። በ1999 ደግሞ ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፋብ 18 የሚባለውን ፋብሪካውን እዚህ ሥራ አስጀመረ። በ2008 ፋብ 28 የተባለው ሁለተኛው ተከፈተ። አዲስ የመጣችሁ ቤተሰቦች በቀጠናው ሥራ ስታፈላልጉ ይህን ታላቅ ሕንፃ ሳታዩት አታልፉም። ከዚያ የሚወጣው ዕቃ ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ ቁራጭ ሲሆን፣ ቺፕ ወይም ፕሮሰሰር ይባላል። የኮምፒውተር አንጎል ነው ማለት ይቻላል። ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት መጥተው በአንድ ቺፕ ውስጥ አራት ወይም ስምንት ኮር አለ ቢሏችሁ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ አራት ወይም ስምንት ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ ማለታቸው ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው፤ ሠራተኞቹ ብዙ፣ መዝገቡ ግን አንድ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ኮምፒውተሩን ለጊዜው እንተወውና ሁላችንም የምናውቀውን እቁብ እንውሰድ። የእቁቡ መዝገብ 5,000 ሼቄል ይላል እንበል። ጸሐፊው መዝገቡን አይቶ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ገልብጦ ይሄዳል። ገንዘብ ያዧም እንዲሁ አይታ ገልብጣ ትሄዳለች። ጸሐፊው ከአንድ አባል 300 ሼቄል ይቀበላል፤ በወረቀቱ ላይ ይደምርና ተመልሶ መዝገቡ ላይ 5,300 ብሎ ይጽፋል። ገንዘብ ያዧ ከሌላ አባል 200 ተቀብላ፣ በእሷ ወረቀት ላይ ያለው አሁንም 5,000 ስለሆነ፣ መጥታ የጸሐፊውን ሰርዛ 5,200 ትጽፋለች። መሆን የነበረበት 5,500 ነው። ሦስት መቶው ሼቄል ከመዝገቡ ጠፋ። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም ድምር አልተሳሳተም። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። የከፋው ደግሞ ነገሩ በየሳምንቱ አለመድረሱ ነው። ብዙውን ጊዜ አንዱ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው ሌላው የሚመጣው፤ መዝገቡም ልክ ይሆናል። ሁለቱ የተገጣጠሙ ዕለት ብቻ ገንዘብ ይጎድላል፤ ከዚያም ጠብ፣ ሐሜት፣ ሽማግሌ ይከተላል።

ፕሮፌሰር ዳይክስትራ የሥራ ዘመናቸውን ትልቅ ክፍል የሰጡት ይህ ዓይነቱ ነገር በኮምፒውተር ውስጥ ከቶ እንዳይደርስ ለማድረግ ነው።

ኤድስገር ዳይክስትራ ግንቦት 11 ቀን 1930 በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የኬሚስትሪ መምህር፣ እናታቸው ደግሞ ሒሳብ የተማሩ ሴት ነበሩ። ከአራት ልጆች ሦስተኛው ናቸው። አሥረኛ ዓመታቸውን በያዙ በሦስተኛው ቀን፣ ግንቦት 14 ቀን 1940፣ የናዚ ጀርመን አውሮፕላኖች የሮተርዳምን መሐል ከተማ በቦምብ አወደሙት። ሆላንድ እጇን ሰጠች፤ አምስት ዓመት ያህልም በጠላት ሥር ቆየች። ልጅነታቸው በዚህ መካከል አለፈ። በ1948 ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርሱ ሐሳባቸው ሕግ አጥንተው አገራቸውን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መወከል ነበር። ነገር ግን በሳይንስ ትምህርቶች ያገኙት ውጤት እጅግ ከፍተኛ ስለ ነበር ሰዎች መክረው ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት መለሷቸው።

በ1951 አባታቸው አንድ ማስታወቂያ አዩ። በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለሦስት ሳምንት የሚሰጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት ነበር። ልጃቸው ሄደው ተማሩ። በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት ወር በአምስተርዳም የሒሳብ ማእከል በተባለው ተቋም የትርፍ ሰዓት ሥራ ያዙ። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ማለት አንድ ክፍል የሚሞላ፣ የሚግልና በየጊዜው የሚበላሽ ዕቃ ነበር። ለጥቂት ዓመታት ፊዚክስ ወይስ ፕሮግራም እያሉ ሲያመነቱ ቆዩ፤ ፕሮግራም መጻፍ የተከበረ ሙያ ሊባል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ያስጨንቃቸው ነበር። የማእከሉ አለቃቸው ሙያው ገና የተጀመረ መሆኑን አስረድተው፣ የተከበረ ሙያ የሚያደርጉት ምናልባት እርስዎ ራስዎ ይሆናሉ በሚል ሐሳብ አሳመኗቸው።

የአገሩ መዝገብ ቤት ግን ገና አላመነም ነበር። በ1957 አምስተርዳም ውስጥ ሲያገቡ በጋብቻው ቅጽ ላይ ሙያ በሚለው ቦታ ፕሮግራመር ብለው ቢሞሉ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሹማምንት እንዲህ ያለ ሙያ የለም ብለው አልተቀበሏቸውም። በምስክር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የፊዚክስ ሊቅ የሚል ነው። አገር ቤት አንጥረኛ ወይም ሸማኔ የነበረ አባት፣ በዕብራይስጥ ቅጽ ላይ ሙያውን የሚገልጽ ቦታ አጥቶ ዝም ሲል በየጊዜው ስለምናይ ይህችን ታሪክ ሳንጠቅሳት ማለፍ አልቻልንም።

ከጋብቻቸው አንድ ዓመት በፊት፣ በ1956፣ ከእጮኛቸው ጋር በአምስተርዳም ገበያ ወጥተው ደክሟቸው በአንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ባሉበት፣ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ የሚወስደውን አጭሩን መንገድ በእርግጠኝነት የሚያገኝ ዘዴ በሃያ ደቂቃ ውስጥ በሐሳባቸው ሠሩ። ወረቀትና እርሳስ አልነበራቸውም። በ1959 በሦስት ገጽ አሳተሙት። ዛሬ በስልካችን መንገድ የሚያሳዩን ፕሮግራሞች መሠረታቸው ይህ ሐሳብ ወይም የዚህ ሐሳብ ዝርያ ነው። ስማቸው በየትምህርት ቤቱ የሚነሣውም በዚህ ነው። እኛ ግን ወደ መዝገቡ ጉዳይ እንመለስ፤ በእኔ አስተያየት ትልቁ ሥራቸው ያ ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ የሒሳብ ማእከሉ ባልደረቦች ኤክስ 1 የተባለ አዲስ ኮምፒውተር ያዘጋጁ ነበር። ማሽኑን የነደፉት መሐንዲሶች አንድ አዲስ ነገር አመጡ። ከዚያ በፊት ኮምፒውተሩ የጽሕፈት መሣሪያው እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አሁን ግን ሌላ ሥራውን ይቀጥልና መሣሪያው ሲጨርስ ደውል ይደውልለታል፤ ኮምፒውተሩም የያዘውን አቋርጦ ያስተናግደዋል፤ ከዚያ ወዳቆመበት ይመለሳል። ጊዜ ይቆጥባል፤ ግን ወጥ ስትሠራ ስልክ የተደወለላትን እናት አስቡ። ስልኩን ጨርሳ ወደ ድስቱ ስትመለስ ጨው ጨምሬ ነበር ወይስ አልጨመርኩም? ደውሉ በየትኛዋ ቅጽበት እንደሚመጣ አስቀድሞ ማንም አያውቅም። ዳይክስትራ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ለተወሰነ ጊዜም ተቃወሙ። የፈሩት ስሕተቱን ብቻ አልነበረም፤ ስሕተቱ ተመልሶ እንዲታይ ቢፈለግ እንቢ የሚል መሆኑን ነው። አንድ ጊዜ ይደርሳል፣ ሲፈልጉት ይጠፋል፣ ከወር በኋላ ሌላ ቦታ ይመጣል። በመጨረሻ ግን እሺ ብለው ሥራውን ያዙት፤ በ1959 የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነው።

በ1960 ከባልደረባቸው ከያፕ ዞንፌልድ ጋር ሆነው አልጎል 60 የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለኤክስ 1 አስተረጎሙ። እንደሚነገረው ሁለቱ ሥራው እስኪያልቅ ጢማችንን አንላጭም ተባብለው ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ ዞንፌልድ ሲላጩ ዳይክስትራ ግን ጢማቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው አቆዩት።

በ1962 በአይንድሆቨን ከተማ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኑ። እዚያ ነው ነገሩ የበሰለው። ጥያቄው ቀደም ብሎ ተነሥቶ ነበር፦ ሁለት ሂደቶች አንድ መዝገብ ይጋራሉ። እያንዳንዳቸው ማድረግ የሚችሉት መዝገቡን ማየትና መጻፍ ብቻ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ መዝገቡ ያለበት ክፍል ውስጥ እንዳይገኙ፣ ግን ደግሞ ሁለቱም በይሉኝታ አንተ ግባ አንተ ግባ ሲባባሉ በር ላይ እንዳይቀሩ ምን ዓይነት ደንብ ይበጃል? ቀላል ይመስላል። የሞከረው ሁሉ ግን የሆነ ቦታ ላይ ቀዳዳ ይተዋል። ለሁለት ሂደቶች የሚሆነውን የመጀመሪያ ትክክለኛ መልስ ያገኙት ቴዎዶሩስ ዴከር የተባሉ ሆላንዳዊ የሒሳብ ሊቅ ናቸው። ዳይክስትራ በ1965 ለማንኛውም ብዛት የሚሆነውን መልስ ከነማረጋገጫው በአንድ ገጽ ጽፈው አወጡ። አዎን፣ በአንድ ገጽ!

በዚያች ገጽ ላይ ከመልሱ ይልቅ የሚደነቀው ያስቀመጡት ሁኔታ ነው። ስለ ሂደቶቹ ፍጥነት ምንም ነገር አይታሰብ አሉ። አንዱ ፈጣን ሌላው ቀርፋፋ ቢሆን፣ ፈጣኑ በድንገት ቢዘገይ፣ ሁለቱ በአንዲት ቅጽበት በር ላይ ቢገናኙ፣ ደንቡ መያዝ አለበት። የእቁቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አይገጣጠሙም ብሎ መተማመንን ፈጽሞ አልተቀበሉም። ብዙ ጊዜ ሞክረን አልተበላሸም የሚል ክርክርም አያሳምናቸውም ነበር፤ አንድ ሺህ ጊዜ መሞከር አንድ ሺህ አንደኛውን አያሳይምና ደንቡ በሒሳብ መረጋገጥ አለበት ይሉ ነበር።

ያ መልስ ትክክል ቢሆንም ለዕለት ሥራ አስቸጋሪ ነበር። ተራው ያልደረሰው ሂደት በሩ ላይ ቆሞ ተከፈተ አልተከፈተም እያለ ያለማቋረጥ ይጠይቃል፤ ጊዜው በከንቱ ይባክናል። ስለዚህ ሌላ ነገር ፈጠሩ፤ ስሙንም ከባቡር ሐዲድ ወሰዱት።

ከቂርያት ጋት ጣቢያ ወደ ቤርሼባ ወይም ወደ ቴል አቪቭ በባቡር የሄደ ሰው በሐዲዱ ዳር የሚቆሙትን ምልክቶች አይቷል። ዛሬ መብራት ናቸው፤ በዱሮ ጊዜ ክንዱ ከፍ ዝቅ የሚል ምሰሶ ነበር፤ ሴማፎር ይባላል። አንድ ባቡር ነጠላ ሐዲድ ወዳለበት ክፍል ሲገባ ምልክቱ ይዘጋል፤ ሌላው ውጭ ይቆማል። የገባው ሲወጣ ምልክቱ ይከፈታል፤ ቆሞ የነበረው ይገባል። ዳይክስትራ ይህን ለፕሮግራም አመጡት። ሴማፎር ማለት በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ቁጥር ነው። ሁለት ነገር ብቻ ይደረግበታል፤ ሁለቱንም ከሆላንድ ቋንቋ ቃላት በወሰዷቸው በፒ እና በቪ ፊደላት ጠሯቸው። ፒ ለመግባት ነው፦ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ከሆነ አንድ ቀንሶ ይገባል፣ ዜሮ ከሆነ ተኝቶ ይጠብቃል። ቪ ለመውጣት ነው፦ አንድ ይጨምርና የተኛ ካለ ይቀሰቅሳል። ዋናው ምሥጢር ማየቱና መቀነሱ የማይነጣጠሉ መሆናቸው ነው፤ በሁለቱ መካከል ሌላ እጅ አይገባም። በእቁባችን ቋንቋ፣ የመዝገቡ ሣጥን አንድ ቁልፍ ብቻ ይኖረዋል፤ ቁልፉን ያልያዘ አይጽፍም፣ አይገለብጥምም። የእኛ ጸሐፊ ስሕተቱ ሲጽፍ ሳይሆን ሲገለብጥ መጀመሩን ልብ በሉ፤ ቁልፉን መያዝ ያለበት ከማየቱ በፊት ጀምሮ ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ ነው።

ቁልፍ ሲበዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሁለት ጎረቤታሞች እንጀራ ሊጋግሩ ነው። ሁለቱም የሚጠቀሙት በጋራ አንድ ምጣድና አንድ አክንባሎ ነው። አንዷ ምጣዱን ወሰደች፣ ሌላዋ አክንባሎውን። አንዷ አክንባሎው እስኪመጣ፣ ሌላዋ ምጣዱ እስኪለቀቅ ይጠብቃሉ። ሊጡ ኮመጠጠ፤ ሁለቱም እንደያዙ መሸ። ዳይክስትራ ይህን ዓይነቱን መተናነቅ ገዳይ እቅፍ ብለው ሰየሙት። በ1965 ለተማሪዎቻቸው በፈተና መልክ ባቀረቡት ጥያቄ አምስት ኮምፒውተሮች በመካከላቸው ያሉትን የቴፕ መሣሪያዎች ይሻማሉ። ጥያቄው በኋላ አምስት ፈላስፎች በክብ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው አምስት ሹካ ሲሻሙ በሚል ሥዕል ተለውጦ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ይሰጣል። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ማንኛዋም ሴት ባልትና ሳትጨምርበት የምትደርስበት ነው፦ ሁሉም ሰው ምጣዱን አስቀድሞ ይውሰድ፤ ምጣድ ያልያዘች አክንባሎ አትንካ። ቅደም ተከተሉ ለሁሉም አንድ ከሆነ መተናነቅ የለም።

በአይንድሆቨን ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ኤክስ 8 ለተባለው ኮምፒውተር የሠሩት ሥርዓት እነዚህን ሐሳቦች በሥራ ላይ አዋለ። ሥርዓቱ ብዙ ሰዎች የሰጡትን ሥራ በአንድ ጊዜ ያካሂዳል፤ ሂደቶቹም በሴማፎር ብቻ ይግባባሉ። በ1968 ባወጡት ጽሑፍ ለዓለም አሳወቁት። በ1972 በኮምፒውተር ሳይንስ ከሁሉ የሚበልጠውን የቱሪንግ ሽልማት ተሸለሙ።

አሁን ወደ ቂርያት ጋት ፋብሪካ እንመለስ፤ ዳይክስትራ በ1965 ያልነበረባቸው አንድ ችግር እዚህ አለና። በእሳቸው ገጽ ላይ መዝገቡ አንድ ነበር፤ ሁሉም የሚያየውና የሚጽፈው እዚያው ላይ ነው። በዛሬው ቺፕ ውስጥ ግን ዋናው መዝገብ፣ ማለትም ሜሞሪ፣ ለኮሩ ሩቅ አገር ነው። ኮሩ ሁለት መቶ እርምጃ ሊሠራ በሚችልበት ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ከዚያ ቢመጣለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ኮር በአጠገቡ ካሽ የሚባል ትንሽ ማስቀመጫ አለው፤ የሚፈልገውን እዚያ ገልብጦ ይይዛል። ጆንያው በርበሬ መጋዘን ሆኖ፣ ለዕለት የሚሆነው ከምድጃው አጠገብ በትንሽ ዕቃ እንደሚቀመጥ ነው። ልዩነቱ በርበሬ ተቀምጦ ቁጥሩ አይለወጥም፤ መዝገብ ግን ይለወጣል። የፕሮሰሰር ፍጥነት በሙቀት ምክንያት እንደ ድሮው መጨመር ባቃተ ጊዜ ኩባንያዎቹ ኮር ወደ ማብዛት ዞሩ። ኢንቴል በ2005 ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር ለገበያ አወጣ፤ በ2006 የወጣው ኮር ዱኦ የተባለው ደግሞ የተነደፈው እዚሁ እስራኤል፣ ሐይፋ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ በየሰው ጠረጴዛ ላይ እያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱን ግልባጭ ይዞ የሚሠራበት እቁብ ተቀምጧል ማለት ነው።

ግልባጮቹ እንዳይለያዩ ቺፑ ራሱ ደንብ አለው። በ1984 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ዘዴ እያንዳንዱ ግልባጭ ከአራት ምልክቶች አንዱን ይይዛል፦ የተለወጠ፣ የብቻ፣ የጋራ፣ ወይም የተሻረ። አንዱ ኮር ሊጽፍ ሲል የሌሎቹን ግልባጭ የተሻረ ያሰኛል፤ እነሱም ዳግመኛ ማየት ሲፈልጉ አዲሱን ይወስዳሉ። ዛሬም የሚሠራበት በዚህና በመሰሎቹ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ቀዳዳ ይቀራል፤ ብዙ የተማሩ ሰዎችም የሚወድቁበት ነው። ኮሩ ጊዜ ለመቆጠብ የጻፈውን ወዲያው አያወጣም፤ ለጥቂት ቅጽበት በኪሱ ይይዘዋል፤ እስከዚያም ቀጣዩን ሥራ ይጀምራል። የዴከርን ደንብ አስታውሱ፦ ለመግባት የፈለገ በቅድሚያ የራሱን ምልክት ይሰቅላል፣ ከዚያ የሌላውን ምልክት ያያል፤ የሌላው ካልተሰቀለ ይገባል። አሁን ሁለቱም የሰቀሉት ምልክት ገና በኪሳቸው ነው። እያንዳንዱ የሌላውን ቦታ ያያል፣ ባዶ ነው፣ ይገባል። በ1960ዎቹ በሒሳብ የተረጋገጠ ደንብ በዛሬ ማሽን ላይ እንዳለ ቢጻፍ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያስገባል! ማረጋገጫው አልተሳሳተም፤ ማሽኑ ነው ማረጋገጫው የቆመበትን መሬት የለወጠው። አሜሪካዊው ሌስሊ ላምፖርት በ1979 ይህን መሬት ስም ሰጥተው በግልጽ ገለጹት። መድኃኒቱም በቺፑ ውስጥ የተሠራ አጥር የሚባል ትእዛዝ ነው፤ በኪስህ ያለውን ሁሉ መጀመሪያ አውጣ፣ ከዚያ እይ የሚል። ማየቱንና መለወጡን የማይነጣጠሉ የሚያደርጉ ትእዛዞችም አሉ። ዛሬ ፕሮግራመሮች የሚጠቀሙበት ሴማፎር ከውስጡ የተሠራው በእነዚህ ነው፤ ስለዚህ መዝገቡን ሁልጊዜ በሴማፎር የሚጠብቅ ሰው ስለ ኪሱ ሳያስብ በሰላም ይሠራል። እኔ በብልጠቴ ያለ ቁልፍ አልፋለሁ የሚለው ነው የሚወድቀው።

ይህ የሊቃውንት ጨዋታ ለሚመስለው ሰው አንድ አሳዛኝ ታሪክ አለ። ቴራክ 25 የሚባል የካንሰር በሽተኞች የጨረር ሕክምና መሣሪያ በ1985 እና በ1987 መካከል በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሰዎችን ከታዘዘው እጅግ የበዛ ጨረር ሰጣቸው፤ ቢያንስ ሦስቱ ሞቱ። በመሣሪያው ኮምፒውተር ውስጥ አንዱ ሂደት ከሠራተኛዋ ጽሑፍ ይቀበላል፣ ሌላው መሣሪያውን ያዘጋጃል፤ ሁለቱም አንድ መዝገብ ያለ ጠባቂ ይጋራሉ። በ1986 በቴክሳስ ግዛት በታይለር ከተማ ሠራተኛዋ አንድ ፊደል ተሳስታ ጽፋ ወዲያው አረመች። መሣሪያው ለመዘጋጀት ስምንት ሴኮንድ ያህል ይወስድበት ነበር፤ እርማቱ በዚያ መካከል ስለ ደረሰ መስኮቱ የታረመውን ሲያሳይ መሣሪያው ግን በከፊል በአሮጌው ቀረ። ቀስ ብላ የምትጽፍ ብትሆን ኖሮ ምንም ባልሆነ ነበር። ስሕተቱን ያወጣው ልምዷና ፍጥነቷ ነው። ቀደም ያሉት ሞዴሎች እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚያግድ የብረት መቆለፊያ ነበራቸው፤ በዚህኛው ግን ፕሮግራሙ ይበቃል ተብሎ ተነሥቶ ነበር። ስለ ፍጥነት ምንም አይታሰብ የሚለው የዳይክስትራ ደንብ በታተመ በሃያ አንደኛው ዓመት ነው ይህ የሆነው።

በዚያ ዓመት ዳይክስትራ የሚኖሩት በዚያው በቴክሳስ ግዛት፣ ኦስቲን ከተማ ነበር። ከ1973 ጀምሮ በሮውስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ተመራማሪ ሆነው ሆላንድ ውስጥ በኑነን መንደር ከቤታቸው ሲሠሩ ቆይተው፣ በ1984 በሃምሳ አራት ዓመታቸው አገራቸውን ለቀው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። በዚያ ዕድሜ አገር መለወጥ ምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ልዩነቱ እሳቸውን ሥራና ክብር በር ላይ ቆሞ መጠበቁ ነው። እዚያም ከባለቤታቸው ጋር በመኪና እየተዘዋወሩ የአሜሪካን ብሔራዊ ፓርኮች መጎብኘት ይወዱ ነበር።

አኗኗራቸው ቀላል ነበር። የኮምፒውተር ሊቅ ሆነው ሳለ ጽሑፋቸውን የሚጽፉት በቀለም ብዕር፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ነበር። ከ1,300 በላይ ጽሑፎችን ቁጥር እየሰጡ ጽፈው፣ በፎቶ ኮፒ አባዝተው ለጥቂት ወዳጆቻቸው በፖስታ ይልኩ ነበር፤ ወዳጆቻቸውም እንደገና አባዝተው ለሌሎች ያዳርሳሉ። (ይህ መጽሔትም ከእጅ ወደ እጅ እንደሚሄደው ማለት ነው።) ፒያኖ ይጫወቱ ነበር፤ ሞዛርትን ይወዳሉ። ጠባያቸው ግን ለስላሳ አልነበረም። ያልተስማሙበትን ሰው በስብሰባ መካከል በከባድ ቃል የሚያዋርዱበት ጊዜ ነበር፤ የሌሎችን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጥሉበትም እንዲሁ። ስለ ሂደቶች መግባባት ይህን ያህል የደከሙ ሰው ከሰው ጋር ለመግባባት ያን ያህል አለመድከማቸው ያሳዝናል። ተማሪዎቻቸው ግን በቃል ፈተና ጊዜ ቤታቸው ጠርተው ይጠይቋቸው እንደ ነበር፣ ሲያበቃም ፎቶግራፋቸውን ሰጥተው ይሸኟቸው እንደ ነበር ያስታውሳሉ።

ሐሳባቸው በእኛም አገር ሥር ሰዷል። በናሃላል በ1941 የተወለዱት ፕሮፌሰር አሚር ፕኑኤሊ በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ሂደቶች ሁልጊዜ ይህ ይሆናል፣ አንድ ቀን ያ ይሆናል፣ ከቶ ይህ አይሆንም የሚሉትን ቃላት በሒሳብ የሚያረጋግጡበትን ዘዴ በ1977 አቀረቡ። ለብዙ ዓመታት ከቂርያት ጋት ብዙ በማይርቀው በሬሖቮት ዋይዝማን ተቋም አስተማሩ፤ በ1996 እሳቸውም የቱሪንግን ሽልማት አገኙ። በ2009 ዐረፉ። የፕሮሰሰር ኩባንያዎች ንድፋቸው ለማምረት ከመላኩ በፊት ካሾቹ እንደማይጣሉ የሚመረምሩት ከዚህ ሥር በወጡ ዘዴዎች ጭምር ነው፤ በፋብሪካው ውስጥ አንድ ጊዜ በሲሊከን ላይ የታተመ ስሕተት በላጲስ አይጠፋምና።

ዳይክስትራ በ1999 ጡረታ ወጡ። ካንሰር እንዳለባቸው ከታወቀ በኋላ በ2002 መጀመሪያ ወደ ኑነን ተመለሱ፤ ነሐሴ 6 ቀን 2002 በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው እቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውና ሦስት ልጆቻቸው ተርፈዋል። በሞቱበት ዓመት፣ በመጨረሻ ወራቸው፣ የብዙ ኮምፒውተሮች ኅብረት ቢናጋ እንኳ ያለ ውጭ እርዳታ ራሱን እንዴት እንደሚያስተካክል ስለሚገልጸው ሥራቸው የሚሰጥ ሽልማት ተሰጣቸው። በ1974 ያሳተሙት ሁለት ገጽ ብቻ የሆነ ጽሑፍ ነው፤ ለዓመታት የሚያነበው ሰው አልነበረም። ከ2003 ጀምሮ ሽልማቱ በስማቸው የዳይክስትራ ሽልማት ተብሎ በየዓመቱ ይሰጣል። በቀለም ብዕር የጻፏቸው ገጾችም በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት በየቁጥራቸው ተቀምጠዋል።